ሦስት ጊታር መቺዎች በአንድ መድረክ ላይ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ሙዚቃ አንድ ትምህርታዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት የጊታርን ታሪክ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ያንን ማንም ሰው ከመጽሐፍ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ባለፉት ወራት ለራሴ ጉዳይ ብዬ ያጠናሁትን ነገር ማቅረቡን መረጥሁ፤ ይኸውም እጅግ የታወቁ የሮክ ጊታር መቺዎች በአንድ መድረክ ላይ አብረው ሲጫወቱ እያንዳንዳቸው የደረሳቸውን ተራ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

«ለራሴ ጉዳይ» ያልሁበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር፤ ብደብቀው የክፍል ጓደኞቼ ይስቁብኛልና። ባለፈው ዓመት በወላጆች በዓል ቀን የሙዚቃ ክበባችን ባቀረበው ዝግጅት ላይ እኔና አንድ ጓደኛዬ ሁለት ጊታር ይዘን ወጥተን ነበር። በልምምድ ጊዜ የተስማማነው መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እርሱ፣ ተራ በተራ ብቻ ብቻችንን ልንጫወት ነበር። የእኔ ተራ አልቆ የእርሱ በደረሰ ጊዜ ግን ጭብጨባው ጣፈጠኝና እጄን ከክሩ ላይ አላነሣሁም። እርሱ ጀመረ፤ እኔም ቀጠልሁ። የእኔ ማጉያ ከእርሱ ይበልጥ ይጮህ ስለ ነበር ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ የእርሱን ጊታር የሰማ ሰው አልነበረም። እናቱ በዚያ ቀን ከሥራቸው ፈቃድ ጠይቀው የመጡት ልጃቸውን ለመስማት ነበር። ጓደኛዬ በማግሥቱ ከክበቡ ወጣ።

እኔም ጥፋቴን እንደ ማመን «ምን ላድርግ፣ እኔ እፈጥናለሁ» እያልሁ እመልስ ነበር። የክበቡ ኃላፊ መምህራችን ይህን ሰምተው ኖሮ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ጠሩኝና «መፍጠንህን ሰምቻለሁ፤ ሌላ ሰው ስትሰማ ግን አላየሁህም» አሉኝ። ከዚያም በኮምፒዩተራቸው አንድ የመድረክ ሙዚቃ ከፈቱልኝና «ከእነዚህ ከሦስቱ የቱ እንደሚበልጥ አጥንተህ ንገረኝ» ብለው ሄዱ። ጥያቄው ቀላል መሰለኝ። በአንድ ቀን የምጨርሰው ሥራ አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

በቅድሚያ ጊታር ለማያውቁት አንባብያን ሁለት ነገር ላስረዳ። ሶሎ የሚባለው፣ ባንዱ ሁሉ ዝቅ ብሎ ሲያጅብ አንዱ ሙዚቀኛ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወተው ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አይጻፍም፤ ሙዚቀኛው እዚያው በመድረኩ ላይ ከራሱ ያፈልቀዋል። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ፣ ከተሰበሰበው ሰው «ተቀበል!» ሲባል ያንኑ ጊዜ ግጥሙን ተቀብሎ እንደሚያዜም ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር የድምፁ መሻከር ነው። አባቴ ይህን ሙዚቃ ሲሰሙ «መሣሪያው ተበላሽቷል እንዴ?» ብለው ነበር። አልተበላሸም። ማጉያው ከመጠኑ በላይ ሲነዳ የድምፁ ሞገድ ጫፍና ጫፉ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ድምፁ ይሻክራል፤ ደካማውና ብርቱው ድምፅ ይቀራረባሉ፤ አንድ ጊዜ የተመታ ክርም ቶሎ ሳይሞት ረጅም ጊዜ ይቆያል። ተራው የእንጨት ጊታር ድምፅ ተመትቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ይህኛው ግን እንደ ማሲንቆ ወይም እንደ ሰው ድምፅ ሊንቆረቆር ይችላል። የሮክ ጊታር መቺ ጥበብ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትሁም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። መምህሬ የከፈቱልኝ ሙዚቃ ጂ 3 ከሚባለው የጊታር ጉዞ የተገኘ ነበር። ይህን ጉዞ በ1996 የመሠረተው ጆ ሳትሪያኒ የሚባለው አሜሪካዊ ነው። አሳቡም ሦስት ጊታር መቺዎች በአንድ ምሽት ተከታትለው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዜማ ካቀረቡ በኋላ በመጨረሻ ሦስቱም በአንድነት ወጥተው እንዲጫወቱ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ከሳትሪያኒ ጋር የነበሩት ስቲቭ ቫይና ኤሪክ ጆንሰን ናቸው። በ1997 የወጣው አልበም መጨረሻ ላይ ሦስቱ አብረው የተጫወቷቸው ሦስት ዜማዎች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ጂሚ ሄንድሪክስ የደረሰው «ሬድ ሐውስ» ነው። እኔ ለጥናቴ አብልጬ የያዝሁት ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ቀርፋፋ ስለ ሆነ ነው። በፈጣን ዜማ ላይ ሰው ብዙ ነገር መሸፈን ይችላል። በቀርፋፋው ላይ ግን መደበቂያ የለም።

«ሬድ ሐውስ» ብሉዝ ነው። የብሉዝ አካሄድ በ12 ባር ይዞራል። ይህም ማለት አራት አራት ምት ያላቸው 12 ክፍሎች አልፈው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል ማለት ነው። በነዚህ 12 ክፍሎች ውስጥ የሚለዋወጡት ኮርዶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ተራቸውም የታወቀ ነው። እንግዲህ ሦስት ሰዎች፣ ያው አንድ ዙር፣ ያው ሦስት ኮርድ፣ ያው አንድ ምት ተሰጥቷቸዋል ማለት ነው። በመምህር ክፍል አንድ ዓይነት የድርሰት ርእስ ለሦስት ተማሪዎች እንደ መስጠት ይቆጠራል። የሚለየው የጻፈው እጅ ብቻ ነው።

ድምፆቹም ቢሆኑ በአብዛኛው ያው ናቸው። ብሉዝ የሚጫወት ጊታር መቺ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለውን የአምስት ድምፅ ቅኝት ነው፤ ከላ ቢጀመር ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ማለት ነው። አንድ ማታ እነዚህን አምስት ድምፆች በቤት ስለማመድ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩት አባቴ ቀና ብለው «ይኸማ ባቲ ነው!» አሉኝ። መምህሬን ብጠይቃቸው ልክ ናቸው፤ ማይነር የሚባለው የባቲ ቅኝት ድምፆች እነዚሁ ናቸው አሉኝ። ሜጀር የሚባለው ትዝታም ፈረንጆች ሜጀር ፔንታቶኒክ ከሚሉት ጋር አንድ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በእርግጥ ድምፆቹ አንድ ሆኑ ማለት ሙዚቃው አንድ ነው ማለት አይደለም። የብሉዝ ተጫዋች ክሩን በጣቱ ገፍቶ አንዱን ድምፅ ወደ ሚቀጥለው ያስጠጋዋል፤ አንዳንድ ጊዜም በሁለቱ መካከል አንጠልጥሎ ይተወዋል፤ በባቲ ደግሞ ድምፁን ማስጌጫው ሌላ ነው። ነገር ግን አባቴ ከዚያ ማታ ወዲህ «ተበላሽቷል» ማለቱን ትተዋል።

ከሦስቱ በመጀመሪያ ሳትሪያኒን ልውሰድ። የተወለደው በ1956 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ነው። ለራሱ የታወቀ ከመሆኑ በፊት አስተማሪ ነበር፤ ከተማሪዎቹም አንዱ የሜታሊካው ከርክ ሃሜት ነው። በ1987 ያወጣው «ሰርፊንግ ዊዝ ዘ ኤሊየን» የሚባለው አልበም ዘፈን የሌለበት፣ ጊታር ብቻ የሚዘፍንበት ሆኖ ሳለ ብዙ ሕዝብ የገዛው ነው። የሳትሪያኒን እጅ የሚያስታውቀው ሌጋቶ የሚባለው አመታት ነው፤ በቀኝ እጁ አንድ ጊዜ መትቶ የተከተሉትን ብዙ ድምፆች የግራ እጁ ጣቶች ክሩን እንደ መዶሻ እየመቱና እየሳቡ ያወጧቸዋል። ስለዚህ ፍጥነቱ አይቆራረጥም፤ እንደ ውኃ ይፈሳል። ይሁን እንጂ እኔ የማደንቀው ፍጥነቱን አይደለም። ሳትሪያኒ ሶሎውን የሚሠራው እንደ ዘፋኝ ነው። አንድ አጭር ዜማ ይናገራል፤ ዝም ይላል፤ ያንኑ ትንሽ ለውጦ ይደግማል። አስተማሪ መሆኑ እዚህ ላይ ይታወቃል ብዬ አስባለሁ፤ የተናገረው መግባቱን ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው አያልፍም።

ስቲቭ ቫይ የእርሱ ተማሪ ነበር። በዕድሜ የሚበላለጡት በአራት ዓመት ብቻ ነው፤ ቫይ በ1960 ተወለደ። ልጅ ሳለ ለመጀመሪያው ትምህርት ወደ ሳትሪያኒ ቤት የሄደው ክር የሌለበት ጊታር በአንድ እጁ፣ አንድ ጥቅል ክር በሌላው እጁ ይዞ እንደ ነበር ራሳቸው ያወሩታል። ክር እንኳ ማሰር አያውቅም ነበር ማለት ነው። ይህንን ባነበብሁ ጊዜ ተጽናናሁ፤ እኔም የመጀመሪያ ክሬን ያሰርሁት ተገላቢጦሽ ነበርና። ቫይ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፍራንክ ዛፓ ለሚባለው አስቸጋሪ ሙዚቃ ደራሲ የተቀረጹትን ዜማዎች እየሰማ በኖታ መጻፍ ሥራው ሆነ፤ በ1980ም በባንዱ ገባ። በ1983 በወጣው የዛፓ አልበም ላይ ዛፓ እንደ ወሬ የሚናገራቸውን ቃላት ቫይ እየተከተለ በጊታሩ ድምፅ በድምፅ ይጫወታቸዋል።

ይህ ትምህርት በሶሎዎቹ ሁሉ ውስጥ ይሰማል። ቫይ ጊታሩን ያናግረዋል። በ1986 ከዘፋኙ ዴቪድ ሊ ሮዝ ጋር በሠራው «ያንኪ ሮዝ» መጀመሪያ ላይ ዘፋኙ ሲናገር ጊታሩ ይመልስለታል፤ ይስቃል፤ ይቆጣል። ለዚህ የሚረዳው በጊታሩ ድልድይ ላይ የተተከለው ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲጫን ክሮቹ ሁሉ ይላላሉ፣ ሲሳብ ይወጠራሉ፤ ድምፁም እንደ ፈረስ ማሽካካት ወይም እንደ ሕፃን ለቅሶ ይሆናል። ሳትሪያኒ ሲጫወት ቀጥሎ የሚመጣውን ድምፅ ጆሮ በግማሽ ይገምታል። ቫይ ሲጫወት ግን መገመት አይቻልም፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሩቁ ይዘልላል፤ በቀርፋፋው ብሉዝ ውስጥ እንኳ ቀልድ ይጨምራል። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ጊዜ ቀልዱ ይበዛብኛል። በመድረክ ላይ ሲያዩት ፀጉሩ፣ እጁ፣ ፊቱ ሁሉ አብሮ ይጫወታል፤ ስለዚህ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ መስማት ነበረብኝ።

ኤሪክ ጆንሰን ከሦስቱ ዝምተኛው ነው። በ1954 በአውስቲን፣ ቴክሳስ ተወለደ። በ1990 ባወጣው አልበም ውስጥ ያለው «ክሊፍስ ኦቭ ዶቨር» የሚባለው ዜማ በ1992 የግራሚ ሽልማት አስገኝቶለታል። ለድምፅ ጥራት እጅግ የሚጨነቅ ሰው በመሆኑ በእግር መርገጫዎቹ ውስጥ በሚገባው የባትሪ ዓይነት ልዩነት የድምፁን ልዩነት ይሰማል ተብሎ ይነገርለታል። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ሳቅሁ። ሁለት ሳምንት ደጋግሜ ካዳመጥሁት በኋላ ግን መሳቁን ተውሁ። የጆንሰን ጊታር ሲሻክር እንኳ እንደ ቫዮሊን የለሰለሰ ነው። የሚጫወተውም በአብዛኛው እነዚያኑ አምስት ድምፆች ነው፤ አባቴ በለመዱት አነጋገር ባቲና ትዝታ ማለት ነው፤ ነገር ግን በአምስት በአምስት እየቋጠረ ከላይ ወደ ታች ሲያፈስሳቸው፣ ምቱ በአራት ስለሚሄድ፣ የእያንዳንዱ ቋጠሮ መጀመሪያ በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል። ጆሮ አንድ ነገር የተሰናከለ ይመስለዋል፤ ሳይሰናከል ያልፋል። ይህንን በእርሳስ በወረቀት ላይ ነጥብ እየጣልሁ እስክቆጥር ድረስ አልገባኝም ነበር። አምስትና አራት እንደ ገና አብረው የሚጀምሩት ከሃያ ድምፅ በኋላ ነው፤ የሂሳብ መምህራችን ትንሹ የጋራ ብዜት ብለው ያስተማሩን ማለት ነው። ይህን ጊዜ አንድ ነገር ተገነዘብሁ፤ እኔ በወላጆች ቀን በጣም ብፈጥንም ሁሉንም በአራት በአራት ነበር የመታሁት።

በ2003 በዚሁ ጉዞ ላይ በጆንሰን ቦታ የቆመው ስዊድናዊው ኢንግቬይ ማልምስቲን ነው። ይህንን ሰው ሳልጠቅስ ባልፍ የሚቆጡኝ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔም ራሴ ከመጀመሪያው ጀምሮ አምልኬው ነበር። በ1984 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ በሮክ ጊታር እንዲህ ያለ ፍጥነት ከስንት አንድ ነበር። ትምህርቱን የወሰደው ከብሉዝ ይልቅ ከጣሊያናዊው ቫዮሊን መቺ ከፓጋኒኒና ከባሕ ነው። ቅኝቱም አምስት ሳይሆን ሰባት ድምፅ ያለው ሃርሞኒክ ማይነር ነው። በጊታሩ አንገት ላይ በብረቶቹ መካከል ያለው እንጨት እንደ ማንኪያ የተቦረቦረ ስለ ሆነ ጣቱ ክሩን እንጂ እንጨቱን አይነካም። በብሉዝ ዜማ መካከል የእርሱ ተራ ሲደርስ ሰው ከገበያ መንገድ ወጥቶ በድንገት ቤተ መንግሥት የገባ ይመስለዋል። ያማረ ነው። ነገር ግን አጃቢዎቹ የሚጫወቱት የገበያውን መንገድ ነው፤ እርሱም ወደ እነርሱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይሰማም። በ2005 በቶኪዮ የቆመው የድሪም ቲያትሩ ጆን ፔትሩቺም እጅግ ፈጣን ነው፤ የእርሱ ግን እያንዳንዱን ድምፅ በመምቻው ወደ ታችና ወደ ላይ እየመታ እንደ ታይፕ ጥርት አድርጎ ማውጣት ነው። ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስገረመኝ። ጂሚ ሄንድሪክስ ያረፈው በሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ነው። ሳትሪያኒ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ወሬውን የሰማው በትምህርት ቤቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ልምምድ ላይ ሲሆን ወዲያውኑ አሠልጣኙን «ጨዋታውን ትቻለሁ፤ ጊታር መቺ እሆናለሁ» አላቸው። ማልምስቲን የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ በስዊድን ቤቱ የዚያኑ ሰው መሞት በቴሌቪዥን ሲነገር አየ፤ እርሱም ጊታር የጀመረው ከዚያ እንደ ሆነ ይናገራል። በ2003 ሁለቱ ከቫይ ጋር በአንድ መድረክ ቆመው የሄንድሪክስን «ሊትል ዊንግ» እና «ቩዱ ቻይልድ» ሲጫወቱ፣ ከአንድ ቀን ወሬ ሁለት እንዲህ የማይገናኙ እጆች መውጣታቸውን መስማት ይቻላል።

ይህን ሁሉ በደብተሬ ጽፌ ለመምህሬ አቀረብሁ። ከሦስቱ ጆንሰን ይበልጣል ብዬም ደመደምሁ። እርሳቸው አነበቡትና «ሶሎ የማይጫወቱት ሁለቱ በዚያን ጊዜ ምን እየሠሩ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ እነርሱን አልሰማሁም ነበር።

ተመልሼ እንደ ገና ከመጀመሪያው ሰማሁ፤ አሁን ግን የጎላውን ጊታር ትቼ ከበስተ ኋላው ያለውን ብቻ። ይህ ከሁሉ የከበደ ሥራ ሆኖ አገኘሁት፤ ጆሮ ወደ ጎላው ይሮጣልና። እነሆ ያገኘሁት ይህ ነው። ሶሎ የሌለው ሰው እጁን አጣምሮ አይቆምም፤ ኮርዱን ይመታል፤ ነገር ግን የጊታሩን ድምፅ መቆጣጠሪያ ቀንሶ፣ ክሩን በመዳፉ አፍኖ፣ ሶሎ የሚጫወተው ሰው ዝም ባለበት ቦታ ብቻ ትንሽ ጣል እያደረገ ነው። ጆንሰን ሲያጅብ ኮርዱን ሙሉውን አይመታም፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ መርጦ እንደ ደወል ያሰማል። ተራ ሲለዋወጡም ዝም ብሎ የሚነጥቅ የለም፤ ዙሩ ሊያልቅ ሲል ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ በአገጩ ያመለክተዋል። ሦስቱም አንድ ላይ ሲጮሁ ደግሞ፣ ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በዜማው መጨረሻ ነው፤ አጭር አጭር እየተቀባበሉ ነው፤ አንዱ የጣለውን ሐረግ ሌላው አንሥቶ ይለውጠዋል። ያ እንዲሆን የመጀመሪያው የተናገረውን ሁለተኛው መስማት አለበት። አስተማሪና ተማሪ የነበሩት ሳትሪያኒና ቫይ ይህን ሲያደርጉ እንዲያውም ማን የጣለውን ማን እንዳነሣው መለየት ያስቸግራል። እነዚህ ሦስት ሰዎች፣ ሳትሪያኒ፣ ቫይና ጆንሰን፣ ከመጀመሪያው ጉዞ ከ28 ዓመት በኋላ በ2024 እንደ ገና በአንድነት ተጉዘዋል። ለጓደኛው ቦታ የማይለቅ ሰው ቢሆን ከመካከላቸው አንዱ ከሁለተኛው ከተማ በኋላ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር።

የቱ ይበልጣል የሚለውን መልስ ለመምህሬ አልሰጠሁም፤ እርሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። በዚያው ሳምንት ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድሁ። በሩን የከፈቱልኝ እናቱ ነበሩ፤ ማንነቴን ያውቁኛል፤ ግቡ ብለውም ቡና አቀረቡልኝ። ያጠፋሁትን በፊታቸው ለእርሱ ነገርሁት። ወዲያው መልስ አልሰጠኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ጊታሩን ይዞ ወደ ክበቡ መጣና «ሬድ ሐውስን ስንት ዙር አጅበኸኝ መጫወት ትችላለህ?» አለኝ። አምስት ዙር አልሁት። የቻልሁት ሦስት ነው፤ በአራተኛው ላይ እጄ ሳላስበው ወደ ሶሎ ሄደብኝና እርሱ አቆመ፤ ከመጀመሪያውም ጀመርን።

በዚህ ዓመት በወላጆች ቀን በፕሮግራሙ ላይ ተመዝግበናል። መጀመሪያ እርሱ ነው የሚጫወተው፤ ሁለት ዙር፤ ከዚያ እኔ አንድ ዙር፤ ከዚያ አራት አራት ባር እየተቀባበልን እንጨርሳለን። በጊታሬ ድምፅ መቆጣጠሪያ ላይ፣ ቁጥር 4 ላይ፣ ነጭ ቀለም ነጥብ አድርጌበታለሁ። የእርሱ ተራ ሲደርስ መርፌው እስከዚያች ነጥብ ድረስ ይወርዳል።